ጳጉሜን ማን ይንገረው?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፕሮግራመር መሆኔን የሚያውቁ ወላጆች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ልጄ ኮዲንግ ልማር እያለ ነው። አሁን ግን ማሽኑ ራሱ ይጽፋል ይባላል። ያዋጣዋል ትያለሽ?» የዋዛ ጥያቄ አይደለም። አንድ ደህና ላፕቶፕ የብዙ ወር ደሞዝ ይበላል። በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ካስጀመረ ወዲህ ደግሞ ሰርተፊኬት የያዘ ወይም ሊይዝ የሚሮጥ ልጅ በየብሎኩ አይጠፋም። ያ ሰርተፊኬት እንጀራ ይወጣዋል ወይ ብሎ መጨነቅ የወላጅ ወግ ነው።

መልሴ አንድ ነው። ልጁ መጠየቅ የሚወድ ከሆነ ያዋጣዋል። የተሰጠውን መልስ ይዞ መሄድ የሚቀናው ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፈራለታለሁ። ጀሪካን የያዘ ሰው አስቁሞ ይህን ማስረዳት ስለማይመች እዚህ ልጻፈው።

በቅድሚያ፣ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጠላት አይደለሁም። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ጊትሃብ ኮፓይለት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ ሲወጣ የጀመርነውን የኮድ መስመር የሚያሟላ ረዳት ነበር። የፈንክሽኑን (አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ስም ስንጽፍለት የቀረውን እሱ ይሞላዋል። በኅዳር 2015 ቻትጂፒቲ መጣና ከሙያው ውጭ ያለውም ሰው ማውራት ጀመረ። አሁን እነ ከርሰርና ክሎድ ኮድ የሚባሉት የኤአይ መሣሪያዎች ፋይሎቻችንን ራሳቸው ከፍተው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ቴስት ያስኬዳሉ፣ ሲወድቅ መልሰው ያርማሉ። ሳምንት ይፈጅ የነበረ አሰልቺ ሥራ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ አንድ ሥራ ጨርሶ መላክ ይቻላል።

ዋጋው ግን ለእኛ ሌላ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በወር 20 ዶላር ይጠይቃሉ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር 20 ዶላር 1,150 ብር ገደማ ማለት ነበር። አሁን ከ2,000 ብር አልፎ ሄዷል። ብሩ ቢገኝም የሚከፈልበት ካርድ ችግር ነው። ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ወይ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ይፈለጋል። ለጀማሪ ፕሮግራመር ይህ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚታሰብ ወጪ ነው።

ቋንቋችንም ራሱ ያስከፍላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን አንድ። የኤአይ ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርጡት አብዝተው ባነበቡት ቋንቋ ልክ ስለሆነ አንዱ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል። ሒሳቡ ደግሞ በቁራጭ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ እናዘዋለን። በዚህ መሀል ብዙ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረውን ያየሁት የሰፈራችንን የዕድር ፕሮግራም ስሠራ ነው።

ዕድራችን መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሲወስን ሥራው ወደ እኔ መጣ። ስለ ክፍያ አልተነጋገርንም፤ እኔም አባል ነኝ። ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ከየሰፈሩ በዕጣ የመጣ ነው። ጎረቤቱን አያውቅም። እኛን እርስ በርስ ያስተዋወቀን ዕድሩ ነው። በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ ሞት ሲደርስ ለቤተሰቡ ገንዘብ ያወጣል፣ ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ሰሃን አለው። መዝገቡን የያዙት ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

ለኤአዩ ነገሩን አስረዳሁት። ዕድር ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ያውም በደንብ። የአባላት ሰንጠረዥ፣ የመዋጮ ሰንጠረዥ፣ የሪፖርት ገጽ፣ ሁሉንም ደረደረልኝ። ኮዱ ንጹሕ ነው። ቴስቶቹ በሙሉ አልፈዋል። ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስም። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሁለት ሳጥን አስቀምጧል። እኛ ዘንድ ያለው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ባልና ሚስት በአባት ስም አይገናኙም። አንድ ቤት የሚኖሩትን በቤተሰብ ስም ሊያሰባስብ የተጻፈው ክፍል ሚስትን ለብቻዋ አንድ ቤት አድርጎ ይቆጥራታል፤ መዋጮም ለብቻዋ ይጠይቃታል።

ቀጥሎ ፍለጋው። ያንኑ ስም አንዱ «ኃይሉ»፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ይጽፈዋል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ አድርግልኝ አልኩት። ወዲያው ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሰባት ቤታቸው ሰንጠረዥ አድርጎ አመጣው። በእጅ ቢሠራ ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው፤ አመሰገንኩት። ግን ግዕዙን ከግዕዝ፣ ራብዑን ከራብዕ ነው ያዛመደው። «ኃይሉ» ተለውጦ «ሃይሉ» ይሆናል፣ «ሀይሉ» ግን ባለበት ይቀራል። ሀ እና ሃ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። አ እና ኣም እንደዚያው። «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «አለሙ» ተብሎ ሲፈለግ «እንዲህ ያለ አባል የለም» ይላል። ይህን አማርኛ እየጻፈ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

የቀን መቁጠሪያው የባሰ ነበር። ዓመቱን ለማግኘት ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ 8 ይቀንሳል። ራሱ ለቴስት የመረጣቸው ቀኖች መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስለወደቁ ሁሉም ልክ መጡ። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዲሴምበር እስኪያልቅ ግን ልዩነቱ 7 ነው። የጥቅምት 2017 መዋጮውን የከፈለ አባል ጥቅምት 2016 ላይ ይመዘገብለታል፤ የ2017ቱ ደግሞ ውዝፍ ሆኖ ይቀመጥበታል። ዓመቱን በ12 ወር ስለሠራው ጳጉሜ መግቢያ አጥታ ነሐሴ ላይ ተደርባለች። እንቁጣጣሽንም ሴፕቴምበር 11 ላይ ቆልፎታል። ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ግን በዓሉ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። 2016ን የተቀበልነው እንደዚያ ነበር። ስብሰባ ለመጥራት ባዘጋጀው የስልክ መልእክት ላይም ጠዋት 3 ሰዓት የነበረውን «9፡00» ብሎታል። ይህ መልእክት ቢላክ ዕድርተኛው ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ነው የሚመጣው።

እነዚህን ሁሉ ሲነገረው ያርማል። ጳጉሜ አለች ሲሉት ጳጉሜን ይጨምራል፣ ያውም አሳምሮ። ጳጉሜ ላይ መዋጮ እንደማይሰበሰብ ስነግረው ለዚያም ቴስት ጻፈ። ጥያቄው ማን ይንገረው የሚለው ነው። የሚነግረው ሰው ጳጉሜን የሚያውቅ፣ ኮዱንም ማንበብ የሚችል መሆን አለበት። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ ቴስቱ አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። ስህተቱ የሚታወቀው መስከረም ሲጠባ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ደግሞ እኔም የማላውቀው ነበር። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ከጥቅም ይታገዳል ይላል። ኤአዩ ደንቡን አንብቦ ቃል በቃል ኮድ አደረገው። ውዝፉ ሦስት ሲሞላ የአባሉ ስም ይቀላል፣ የክፍያው ቁልፍ አይጫንም። ወረቀት ላይ አትሜ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ሐዘን ቢደርስበት ይከለከላል?»

«ደንቡ እንደዚያ ይላል።»

«እርስዎስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔማ እከፍላለሁ። ሬሳ ቤት አስቀምጦ ስለ ውዝፍ ይወራል እንዴ ልጄ? አርባው ይውጣ፣ ከዚያ ኮሚቴው ይጠራዋል። ውዝፉንም ቅጣቱንም ያን ጊዜ ይከፍላል።»

«ከሚሰጠው ላይ አይቀነስም?»

«አይነካም። ለቀብሩ የተመደበው ሙሉውን ይሰጣል።»

መዝገቡን አምጥተው ገለጡልኝ። ስሞቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የድሮ እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ከጥቂት ስሞች ጎን በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ አለች። ምንድናት ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሐዘን ላይ ናቸው፣ አትጠይቋቸው ማለት ነው» አሉኝ። በእርሳስ የሆነችው ጊዜው ሲደርስ በላጲስ እንድትጠፋ ነው። በአንዳንዱ ገጽ ላይ ወረቀቱ ከመጥፋቷ ብዛት ሳስቷል።

ያቺ ክብ ደንቡ ውስጥ የለችም። የትም ተጽፋ አታውቅም። ዕድሩን ዕድር ያደረገችው ግን እሷ ትመስለኛለች። ፕሮግራሙ ውስጥ አሁን ቦታ አላት። ከስሙ ጎን ትታያለች፣ ክፍያውን አትከለክልም፣ ውዝፉንም አትሰርዝም። ጊዜውን 40 ቀን ብዬ ኮዱ ውስጥ ልቆልፈው ስል ጋሼ አይሆንም አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የራሳቸው የሐዘን ወግ አላቸው። ስለዚህ ቀኑን ኮሚቴው ራሱ ያስገባል። ይህን ለመጻፍ ኤአዩ ደቂቃዎች ነው የፈጀበት። ለማወቅ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሳሎን መቀመጥ፣ ቡናውም እስከ በረካ መጠጣት ነበረበት።

ሰው ስለ ኤአይ ሲያወራ የሚቀድመው ፍጥነት ነው። በሐምሌ 2017 ሜተር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ያወጣው ጥናት አለ። ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮች ለዓመታት በቆዩበት የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎችን ሠሩ። ከፊሉን በኤአይ፣ ከፊሉን ያለ ኤአይ፣ በዕጣ። ከመጀመራቸው በፊት ኤአዩ ጊዜውን በ24 በመቶ ያሳጥርልናል ብለው ገምተው ነበር። ሰዓቱ ሲለካ በኤአይ የሠሩት 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ከጨረሱ በኋላም ግን በ20 በመቶ ፈጥነናል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ጥናት መሣሪያዎቹን ለማጥላላት አላነሳውም። ሰዎቹ ፕሮጀክታቸውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ነበሩ፣ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ከአእምሮዬ ያልወጣው በስሜቱና በሰዓቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። እንዲያ የበሰለ ሰው የራሱን ፍጥነት ካላወቀ፣ ትናንት የጀመረ ልጅ መማሩንና አለመማሩን በምን ያውቃል?

ይህ ነው ቢሮ ውስጥ የማየው። ቢሮአችን ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። በሳምንት የተወሰነ ቀን እገባለሁ፤ ከአራብሳ ተነስቶ መገናኛን አልፎ መድረስ ራሱ የቀን ሥራ ስለሆነ ሌላውን ከቤት እሠራለሁ። ድሮ ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጁኒየሮቹ (ጀማሪ ፕሮግራመሮቹ) ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። «ይቺን እያት፣ ለምን እንዲህ ትላለች?» አብረን እናያለን። ግማሹን እኔም አላውቀውም፤ አብረን እንፈልጋለን። ፕሮግራመሮች በሚጠያየቁበት ድረ ገጽ፣ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዱ የጠየቀውን፣ ሌላው የመለሰውን፣ ሦስተኛው ተሳስተሃል ያለውን እናነባለን። ያ ክርክር ትምህርት ቤት ነበር። አሁን ልጆቹ አይመጡም። የሚጠይቁት ስላጡ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቶሎ ይመልሳል፣ አይቆጣም፣ ይህን እንኳ አታውቅም አይልም። ማፈር ለሚከብደው ልጅ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባኛል። ሲኒየሮቻችን ጀማሪን ማሸማቀቅ እንደ ጨዋታ የያዙበት ዘመን ነበር፤ ልጆቹ ቢርቁን የእኛም እጅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ ከመካከላቸው አንዱ፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሞባይል ክፍያ የሚቀበል ኮድ እንድገመግምለት ላከልኝ። ደንበኛው ሲከፍል ከክፍያ ድርጅቱ ማሳወቂያ ይመጣል፣ ኮዱ ተቀብሎ ሒሳቡ ላይ ይጨምራል። ሥራው የተስተካከለ ይመስላል። አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«ማሳወቂያው ሁለቴ ቢመጣስ?»

«ለምን ሁለቴ ይመጣል?»

«ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ደርሶናል የሚለው መልሳችን ካልደረሳቸው እንደገና ይልካሉ።»

ትንሽ አሰበ። «ሁለቴ ይጨምርለታል» አለ። ከዚያ ኮዱን ዝቅ ከፍ እያደረገ ቆየና «ቆይ፣ የክፍያው መለያ ቁጥር አለ አይደል? መጀመሪያ ተመዝግቧል ወይ ብለን ብናይስ?» አለ። ልክ ነው። ራሱ ደረሰበት። ይህ ልጅ የአዲስ አበባን ኔትወርክ ያውቀዋል። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ብር ልኮ «አልደረሰኝም» ሲባል እንደገና የላከ ሰው ነው። የሚያስፈልገው እውቀት ሁሉ በእጁ ነበር። የጎደለው «ቢሆንስ?» ብሎ የሚነዘንዘው ሰው ነው። ማሽኑ የታዘዘውን ሠራ፣ ልጁ የተሠራውን ተቀበለ።

የኤአይ ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ በጥር 2017 «ቫይብ ኮዲንግ» የሚለውን ስም ሲያወጣ ኮዱን ሳያነቡ፣ ኤአዩ ያመጣውን እየተቀበሉ መሥራትን ነበር የገለጸው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ለቅዳሜና እሑድ፣ ሠርተው ለሚጥሉት ነገር እንደሚሆን ተናግሯል። ቃሉ በቴሌግራም ግሩፖቻችን ሲዞር ይህ ግማሹ ተቆርጦ ቀረ። ልጆቹ በዚህ መንገድ የሠሩትን እንደ ሥራ ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። ካርፓቲ ኮዱን አልነካሁትም ሲል መንካት የሚችል ሰው ሆኖ ነው። የሰው ገንዘብና የሰው ሐዘን የሚያዝበት ኮድ ቅዳሜ ተሠርቶ እሑድ አይጣልም።

ስለዚህ ከልጁ ጋር አንድ ደንብ አወጣን። የፈለገውን ያህል በኤአይ ይጻፍ። ኮዱ ከዋናው ፕሮግራም ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ግን አጠገቤ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ያስረዳኛል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ኤአዩ የጻፈለትን ማብራሪያ ነው የሚደግምልኝ። በአማርኛ ሲሆን ያልገባው ቦታ ላይ ይቆማል፤ የቆመበት ቦታ ላይ አብረን እንቆፍራለን። መጀመሪያ ሥራ አጓተተብን። አሁን እሱ ራሱ «ይቺን ሳላስረዳሽ አትለፊኝ» ይለኛል።

ሌላው የሚያስቆጨኝ የቅጥር ነገር ነው። «ሁለት ሲኒየርና ኤአይ ካለን ጁኒየር ለምን?» የሚል ወሬ ስብሰባ ላይ መስማት ጀምሬአለሁ። የዛሬ ሲኒየር ሁሉ አንድ ሰው ታግሦ ያስቀመጠው ጁኒየር ነበር። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ በሚወጣ ልጅ በተሞላ አገር ይህን በር ዘግቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጳጉሜንም ኮዱንም የሚያውቅ ሰው ጠፋ ብሎ ማማረር አይቻልም። አሠሪዎች ይህን ቢያስቡበት እለምናለሁ። አንድ ጀማሪ ቅጠሩ፣ ኤአዩንም ስጡት፣ ግን የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አስቀምጡለት።

በዚህ እሑድ የዕድሩ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ያልፈታነው ጉዳይ አለ። ዳታቤዙ ለአንድ ቤት አንድ አባል ነው የሚያውቀው። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የገባው ባለቤትም፣ ተከራይቶ የገባውም ሰው ግን ሁለቱም አባል ነን ይላሉ፣ ሁለቱም ይከፍላሉ። ልጁን ይዤው እሄዳለሁ። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው እሱ ነው። አንዱን እኔ አላሰብኩትም ነበር፦ ተከራዩ ለቅቆ ሲሄድ እስከዚያ የከፈለው መዋጮ ለማን ይቆጠራል? ጋሼ መልስ ይኖራቸው እንደሆነ እንሰማለን። ኮዱ ሰኞ ይጻፋል።